ያልተነካችዋን ላክልኝ

አማርኛችን አንድ መዘዘኛ ጠባይ አላት። ትንሽና የሚወደድ ነገር ስታይ ወዲያው ሴት ታደርገዋለች። ቤቱ ጠበብ ካለ «ቤቷ» ነው፤ ሬዲዮው በእጅ የሚያዝ ከሆነ «ሬዲዮዋ» ነው፤ ሰውየው ብርጭቆውን ሲወድ «ብርጭቆዬ የት ገባች?» ይላል። ማንም ቅር አይለውም። እኔ ግን በዚህች ጠባይ የተነሣ የሠርግ ድንኳን ተተክሎልኝ ያውቃል። ሰዋስው ሰው አይጎዳም የምትሉ ካላችሁ እስቲ አንድ ጊዜ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

መካነ ሰላም የተመደብኩት በዚያ በክፉው ቀን ነው። ሥራዬ ድሬሰር ነው፤ አገሩ ግን «ሐኪም» ነው የሚለኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የማላውቀው በሽታ ሲመጣ ደግሞ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ደሴ መሄድ ይኖርብዎታል» እላለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በጣም በጥሩ ድምፅ ነው የምላት። ረሀቡ በረድ ሲል ለእርዳታ መጥተው የነበሩት ሁሉ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ከዚያ አብዮቱ መጣና ከማውቃቸው ሰዎች ገሚሱን አሰረ፣ ገሚሱን አዛወረ። እኔን የረሳኝ ይመስለኛል። በዚያን ሰሞን ከሥራ ስወጣ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ እሱም እያፏጨ ነው። ብቸኛ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ብቸኛ ሰው መቼም ወይ ይጠጣል፣ ወይ ይጸልያል፣ ወይ ዕቃ ይሰበስባል። መጠጡ ከጨጓራዬ ጋር አልተስማማም፤ ጸሎት ላይ ሰነፍ ነኝ። ስለዚህ ሳንቲም መሰብሰብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን የሰጠችኝ በክፉው ቀን ልጇን ያሳከመች አንዲት እናት ናት። ከመቀነቷ ስሙኒ ፈትታ ዘረጋችልኝ። «እናቴ፣ ሕክምናው በነጻ ነው» ብላት «ለማኝ መሰልኩህ እንዴ?» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ ትታት ሄደች። በእጅ ብዛት ስሙኒዋ ላይ ያለው የንጉሡ ፊት ተፍቆ አፍንጫቸው ብቻ ቀርቷል። ያቺን ስሙኒ አውጥቼ ሽንኩርት ልገዛባት አልቻልኩም፤ በባዶ የመድኃኒት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳት። ከዚያ ሌላ ጨመርኩ፣ ሌላም። በቁስል መቆንጠጫ ነው የማነሣቸው። መጀመሪያ ሰሞን በአልኮል ጭምር እጠርጋቸው ነበር። ሳንቲም ማጠብ ዋጋውን እንደሚገድለው የሰማሁት ኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ጤነኛ ሳንቲም ገድያለሁ።

ታዲያ ንጉሡ ከሳንቲሙ ላይ ወርደው አንበሳው ወጣ። ወዲያው አዲስ አበባ ባንክ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ጌታቸው ላከብኝ፤ ለሰብሳቢዎች ተብሎ ለብቻው የታሸገ አዲስ ሳንቲም መጥቷል፣ በሁለት ዓይነት ነው፣ የትኛውን እንደምትፈልግ በገበያ ቀን በስልክ ንገረኝ ይላል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የምነግረው ሰው እንኳ ስፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው የታየኝ።

መምህርት ተዋበች ትባላለች። የአቀስታ ልጅ ናት፤ እዚሁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለታችንም የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው፣ የእትዬ ዘሐራ ተከራዮች ነን። ተዋበች አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታለች፤ ይኸንንም ራሷ ነች የነገረችኝ፣ እንደዋዛ፣ ድንች እየላጠች። ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ ከተቀመጠው ሬዲዮ አጠገብ ትመጣና «ሐኪም፣ ዛሬስ ስንት ሰው ፈጀህ?» ትለኛለች። እስቃለሁ። ከዚያ ዜና እንሰማለን፣ በዜናው እንከራከራለን፣ ብርዱ ሲጠና ትገባለች። ቀኔ በሙሉ የሚያልፈው ያቺን ጥያቄ ለመስማት ነበር። ላገባት እፈልጋለሁ፤ ልጠይቃት ነው፣ ልጠይቃት ነው እያልኩ ግን ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል።

የገበያው ቀን ስልክ ቤት ሄድኩ። ስልክ ቤት ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ስልከኛው ይመር ነው። መስመሩ ተራራውን ሁሉ አቋርጦ ደሴ ደርሶ ነው አዲስ አበባ የሚገባው፤ ስለዚህ ካልጮኹ አይሰማም። ወንበሩ ሞልቷል። ጨርቅ ነጋዴው አቶ እንድሪስ አሉ፤ የልጇን ስልክ የምትጠብቀው አከራያችን እትዬ ዘሐራ አለች፤ ጥግ ላይ ደግሞ ተዋበች ተቀምጣለች። የደሴ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ደጎሎ ክፍት ቦታ አለና ትዛወሪያለሽ ወይ ብለው ስለጠየቋት መልስ ልትሰጥ ነው የመጣችው። ይኸን ካወቅኩ ጀምሮ ደጎሎ የሚሄደውን መኪና ሁሉ በክፉ ዓይን ነው የማየው።

ጌታቸው በወዲያኛው ጫፍ የሚያስረዳኝ እንዲህ ነበር። አንደኛዋ ዓይነት «ፕሩፍ» ትባላለች፤ አስቀድማ ትወለወላለች፣ የማተሚያው መዶሻ ሁለት ጊዜ ይመታታል፣ ፊቷ እንደ መስታወት ያበራል፤ ለመታየት ብቻ ነው የምትሠራ። ሁለተኛዋ «ሚንት ስቴት» ትባላለች፤ እንደማንኛዋም ሳንቲም ለገበያ ተሠርታ ግን ገበያ ሳትወጣ፣ የሰው እጅ ሳይነካት የቀረች ናት፤ በከረጢት ስትመጣ ከጓደኞቿ ጋር እየተጋጨች ትንሽ ጭረት አይጠፋትም። እናንተ ይኸን ተደላድላችሁ ነው የምታነቡት። ወንበሩ ላይ ያሉት ግን የሚሰሙት እኔን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በትክክል መስማቴን ለማወቅ የተባልኩትን ሁሉ እየደገምኩ እጮሃለሁ።

«ሃሎ! ጌታቸው! ሁለቱም አሉ? ሁለቱንም በዓይንህ አየሃቸው?»

አቶ እንድሪስ አንገታቸውን ወደ እኔ አሰገጉ።

«አንደኛዋ ታበራለች? ቆንጆ ናት በለኛ! … ምን አልክ? ሁለት ጊዜ ተመትታለች?»

«አዑዙ ቢላህ!» አለች እትዬ ዘሐራ።

«ሁለተኛይቱስ? … ፊቷ ላይ ጭረት አለ? … ከጓደኞቿ ጋር ተጋጭታ? … በከረጢት ነው ያመጧት?»

«ጉድ እኮ ነው ያ አገር» አሉ አቶ እንድሪስ ለራሳቸው።

«ቆይ ቆይ! ጭረቱን ተወውና ዋናውን ንገረኝ፤ ማንም አልነካትም? እርግጠኛ ነህ? … አንተስ አልነካሃትም?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። የተወለወለችዋ ታምራለች፤ ግን ስትፈጠር ጀምሮ መስታወት ውስጥ ልትቀመጥ የተሠራች ናት። ያቺኛዋ ሽንኩርት ልትገዛ፣ ከመቀነት መቀነት ልትዞር ተወልዳ ሳይደርሳት የቀረች ናት። አሳዘነችኝ። የራሴን ነገር አስታወሰችኝ መሰለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ለሸዋም ለወሎም እንዲሰማ አድርጌ ጮህኩ።

«የተወለወለችዋን ተዋት! እሷ የታይታ ናት! ያልተነካችዋን ላክልኝ! ለእኔ ማንም ያልነካት ትሻለኛለች!»

ዘወር ስል ሁሉም ያዩኛል። ተዋበች ግን ጫማዋን ነው የምታይ። «መምህርት፣ ደሴ መስመር ላይ ነው» አላት ይመር። በአጠገቤ አልፋ ስልኩን ያዘች። እኔ ሳንቲሜን እያሰብኩ፣ የፈዘዝኩት ፍዝዝ፣ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ግቢ ስደርስ እትዬ ዘሐራ የልጇን ስልክ እንኳ ሳትጠብቅ በአቋራጭ ቀድማኛለች። እትዬ ዘሐራን እንደ እህቴ ስለምቆጥራት አንቺ ነው የምላት፤ እሷም እንደ ወንድሟ ትቆጣኛለች። እልልታዋን አቀለጠችው።

«መብሩክ! ከእኔ ትደብቃለህ? ከእኔ? ወላሂ ጥሩ አድርገሃል ያችን የተወለወለች ቅብጥብጥ መተውህ። ፊቷ ላይ ላለው ጭረት አታስብ፣ ቅቤ ሲጠጣ ይጠፋል።»

«የማን ፊት?»

«የሙሽራዪቱ ነዋ!»

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዬ የተመለሰው። ጭረቱ፣ ከረጢቱ፣ «አንተስ አልነካሃትም»። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ፈት ሴት ትዝ አለችኝ። በቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። «እትዬ ዘሐራ፣ እኔ የምልሽ፣ እሷ እኮ ሳን…» ብዬ ስጀምር የቀበሌያችን ሊቀመንበር በበሩ ገቡ።

ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁንም ሲያዩህ በዓይናቸው ይለኩሃል። የዚያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ዝርዝር ሳንቲም ጠፍቶ፣ ሻይ የጠጣ ሰው መልሱን በሎሚ ይቀበል ነበር። በስብሰባ ላይም «ሳንቲም የሚያከማች አሻጥረኛ ነው፤ ሲያዝ እናሳየዋለን» ብለው እጃቸውን አወናጭፈዋል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ቆርቆሮዬ አልጋዬ ሥር ሞልቶ።

«ጓድ ሐኪም፣ ስልክ ቤት ስለ አንድ ነገር ስትጮህ ነበር አሉ። ነገሩ ምንድን ነው?»

አልጋዬን አየሁ። እሳቸውን አየሁ። አልጋዬን አየሁ።

«ሙሽራ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

እንዲቆጡኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «የእድራችንን ድንኳን ታውቃት የለ?» አሉኝ። አውቃታለሁ። በክፉው ቀን ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ጨርቋ አልቆ ነበር። «እጄ እስኪዝል የጣፍኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ለደስታ ተክለናት አናውቅም። እንግዲህ ባንተ ልንጀምር ነው» አሉና አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ንገሩኝ እስቲ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ሳንቲም ናት ይባላል?

ከዚያ በኋላ ያለውን አልቻልኩትም። እትዬ ዘሐራ ቤቴን በእበት ለቅልቃ ጨረሰችና በነጭ አፈር ትቀባው ጀመር። አቶ እንድሪስ በግ ላኩ። በጉ ከሁላችንም ይበልጥ ያወቀ ይመስላል፣ ባየሁት ቁጥር ያፈጥብኛል። ክሊኒክ ደግሞ ሕመም የሌለበት ሰው ሁሉ ተሰለፈ። «እንዴት ያለች ናት?» ይሉኛል። ከዚያ በላይ መዋሸት አላውቅበትምና በምናቤ ሳንቲሟን እያየሁ እመልሳለሁ። «ጸጉሯ ብዙ ነው» እላለሁ፤ አንበሳ ናታ። «ዓይኗስ?» «አንዱ ነው የሚታየው፣ ወደ ጎን ስለምታይ።» «ዓይናፋር ናት በለኛ! ጨዋ ልጅ!» ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ።

በዚህ መሐል ተዋበች መጣች፤ የተበደረችኝን የባትሪ ድንጋይ ልትመልስ። ሬዲዮው አጠገብ አልተቀመጠችም። ስንት ሰው ፈጀህም አላለችኝም።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ።

«ተዋበች፣ ነገሩ እኮ…» አልኩ። ከበስተኋላዬ ሊቀመንበሩ ግቢውን በሜትራቸው ይለካሉ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ዕቃው ይምጣና ሁሉንም አሳይሻለሁ።»

«አሁን ብትነግረኝስ?»

«አይ፣ ማስረጃ ሳልይዝ ብናገር አታምኚኝም።»

ድንጋዩን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር፤ የእኔ ዓይን ግን ቁስል እንጂ ሌላ አያነብም። «እሺ፣ እንግዲህ ማስረጃህን ጠብቅ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በተዘጋው በሯ በኩል ማለፍ ለመድኩ። አንኳኩቼ «እኔ የምፈልገው አንቺን ነው» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ፖስታ ጠበቅኩ። ሬዲዮውን ብቻዬን ስከፍት ዜናው ራሱ ለማንም የማይነገር ይመስል ነበር፤ አጠፋዋለሁ፤ ዝምታው ደግሞ ይብስብኛል፤ መልሼ እከፍተዋለሁ።

ፖስታው የመጣው በሌላ የገበያ ቀን ነው። ይመር «ዕቃህ ከደሴ አውቶቡስ ወርዷል» ብሎ ላከብኝ፤ ሮጬ ተቀበልኩ። ትንሽ ናት፣ በላስቲክ ታሽጋለች። እቅፍ አድርጌያት ግቢ ስደርስ የተዋበች ቤት ባዶ ነው።

«መምህርትማ ዛሬ በደጎሎ መኪና መሄዷ አይደል?» አለችኝ እትዬ ዘሐራ። «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

ነጭ ጋዋኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የተሳሳተው። ሙሽራ የሚጠብቅ ሰው ወደ መኪና ተራ ሲሮጥ ምን ይባላል? «መጣች! ወረደች!» ተባለ። እትዬ ዘሐራ እልል እያለች ተከተለችኝ። ሊቀመንበሩ ድንኳኑን ሲተክሉ ከያዙት መዶሻ ጋር ተከተሉኝ። አቶ እንድሪስ በጉን እየጎተቱ ተከተሉኝ። ገበያተኛው ከበሮ ከየት እንዳመጣ እንጃ። እንዲህ ታጅቤ የጭነት መኪናው ጋ ደረስኩ።

ተዋበች ጋቢና ውስጥ ነበረች፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ሾፌሩ እህል እያስጫነ ነው። ትንፋሼ አልመለስ አለኝ። ላስቲኩን በጥርሴ ዘነጠልኩት። ያን ሁሉ ጊዜ እጅ እንዳይነካት የጮህኩላት ሳንቲም በላበታም መዳፌ ላይ ወደቀች።

«ይቻትና!» አልኩ። «ሙሽራዋ ይቻት! ሳንቲም ናት!»

ከበሮው ቆመ። ሊቀመንበሩ አነሷትና ገለባበጧት። ለአቶ እንድሪስ አቀበሏቸው፣ እሳቸው ነከሷት፣ ለእትዬ ዘሐራ ሰጧት። እንዲህ እያለች ከእጅ እጅ ዞረች። ሁሉም ከጀርባዋ ሴት ትኖር እንደሆነ ይፈልጋል።

«ድንኳኑን ተክለናልኮ» አሉ ሊቀመንበሩ በቀስታ። ስለ አሻጥር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቢያስሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «አየሽ? ሰው አይደለችም! ያን ቀን ያልኩት ሁሉ ስለ ሳንቲም ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ተዋበች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ከስልክ ቤት። መስመሩን የሚያገናኘው ይመር አይደል? የሁለታችሁንም ሰምቷል። የሰው ስልክ አላወራም ብሎ ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔ ግን ፊቴን አይቶ ነገረኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትመጣ ነዋ። ደሴዎቹ ትዛወሪያለሽ ወይ ሲሉኝ ቆዩኝ አልኳቸው። ያን ቀን በርህ ላይ መጥቼ ንገረኝ ስልህ ማስረጃ አልከኝ። ደግሞም ጠበቅኩ። እሺ ያልኳቸው ባለፈው ሰኞ ነው።» ጸጉሯን ወደ ነጠላዋ አስገባች። «ማስረጃ ማን ጠየቀህ፣ ሐኪም?»

ሾፌሩ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሞተሩ ተነሣ። የምላት አንዲት ቃል ነበረች፣ ከጥርሴ ኋላ ቆማለች። ለሳንቲም ያን ያህል ያገሳው አፌ ግን ሌላ ቃል አወጣ።

«መልካም መንገድ» አልኩ።

«አሜን» አለች።

መኪናው አቧራውን ለቅቆብን በመታጠፊያው ተሰወረ። ሰው አንድ አንድ እያለ ወደ ገበያው ተመለሰ፤ ሊቀመንበሩም መዶሻቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ከዚያው ቆሜ መንገዱን እያየሁ ነበር። ቃሏ ያን ጊዜ ወጣች።

«አትሂጂ» አልኩ።

እትዬ ዘሐራ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«የት እሄዳለሁ ወንድሜ፣ እዚሁ አለሁ» አለችኝ። «አብሽር።»